ስለ ሩጫ ሰዓት አመራረጥ አጭር ትችት

በሳተላይት ምልክት እየተመራ የተሮጠውን ርቀትና ፍጥነት የሚመዘግበው የእጅ ሰዓት ዛሬ በብዙ ተማሪዎች እጅ ላይ ይታያል፤ ሊገዛው የሚያስበውም ብዙ ነው። ነገር ግን ስለዚህ ሰዓት የሚሰማው ክርክር ከሁለት አነጋገር አያልፍም። አንዱ ወገን «ከሁሉ ውድ የሆነው ከሁሉ ትክክለኛ ነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ምን ሰዓት አስሮ ነበር?» ብሎ ነገሩን በቀልድ ይዘጋዋል። ሁለቱም ምርመራ አይባሉም። የመጀመሪያው ዋጋንና ጥራትን አንድ ያደርጋል። ሁለተኛው ደግሞ አበበ በ1960 በሮማ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ ኦኒ ኒስካነንን የመሰለ አሠልጣኝ እንደ ነበረው ይዘነጋል። ሰዓት የሚገዛው ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሠልጣኝ የለውም፤ ሰዓቱን የሚገዛውም በከፊል በአሠልጣኝ ፈንታ እንዲሆነው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ቀልድ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጽሑፉ አሳብ አጭር ነው። ሰዓት ሊመረጥ የሚገባው ሯጩ ሊያውቀው የሚፈልገውን ነገር አስቀድሞ ከወሰነ በኋላ ነው፤ ሰዓቱ የሚሰጠው መልስ ምን ያህል እንደሚታመንም ገዢው ራሱ ሊፈትነው ይገባል። በተለይ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለሚሮጥ ሰው፥ ሻጮች አጉልተው የሚያሳዩት ነገርና በእውነት የሚጠቅመው ነገር አንድ አይደሉም። ይህን ለማስረዳት መሣሪያው እንዴት እንደሚለካ፥ የት የት እንደሚሳሳት ከተመለከትን በኋላ፥ የታወቁ አራት ሰዓቶችን እናነጻጽራለን።

ሀ. ሰዓቱ የሚለካው ምንድን ነው?

ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለውን አሠራር የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የጀመረው በ1973 ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት በ1978 ተላከች፤ አሠራሩም በሙሉ ኃይሉ ሥራ መጀመሩ በ1995 ታወጀ። ሳተላይቶቹ ከመሬት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይዞራሉ። እያንዳንዷም ያለችበትን ቦታና ጊዜውን የሚናገር ምልክት ዘወትር ትልካለች። የእጅ ሰዓቱ ምልክቱ ለመድረስ ከፈጀው ጊዜ ተነሥቶ ርቀቱን ያሰላል። ያልታወቁት ነገሮች አራት ናቸው፤ እነርሱም ኬክሮስ፥ ኬንትሮስ፥ ከፍታና በእጅ ሰዓቱ ውስጥ ያለው የጊዜ ስሕተት ናቸው። ስለዚህ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶች ምልክት ያስፈልጋል። ምልክቱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ በመሆኑ፥ የአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት የ300 ሜትር ስሕተት ያስከትላል። ነገሩ ምን ያህል ረቂቅ እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እስከ 2000 ድረስ ለሕዝብ የተፈቀደው ምልክት ትክክለኛነቱ ሆን ተብሎ ይቀነስ ነበር። ይህ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ቀረ፤ በ2003ም ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ፎርራነር 101 እና ፎርራነር 201 የተባሉትን የሯጮች ሰዓቶች አወጣ። ዛሬ ከአሜሪካው ሌላ የሩሲያው ግሎናስ፥ የአውሮፓው ጋሊሌዎና የቻይናው ቤይዱ ስላሉ፥ አዳዲሶቹ ሰዓቶች ከብዙ ሳተላይቶች መቀበል ይችላሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ነገር አለ። ሰዓቱ መንገዱን አይለካም። ብዙውን ጊዜ በየሰከንዱ አንድ አንድ ነጥብ ይወስድና ነጥቦቹን ያገናኛል። እያንዳንዱ ነጥብ ጥቂት ሜትር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሊስት ይችላል። ነጥቦቹ ሲዋልሉ መሥመሩ እየተጠማዘዘ ርቀቱ ይረዝማል፤ በጠባብ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ሰዓቱ ማዕዘኑን ቆርጦ ርቀቱን ያሳጥራል። ስለዚህ በሰዓቱ ገጽ ላይ «10.00» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ልኬት ሳይሆን ግምት ነው። ግምት መሆኑ አያስነቅፈውም፤ የሚያስነቅፈው ግምቱን እስከ ሁለት አሐዝ አስረዝሞ እንደ ተረጋገጠ እውነት ማቅረቡ ነው።

ለ. ስሕተቱ የት ይከፋል?

በሜዳና በሰፊ ጎዳና ላይ ርካሹም ውዱም ሰዓት ተቀራራቢ መልስ ይሰጣሉ። ልዩነቱ የሚታየው ሰማዩ በተከለለበት ቦታ ነው። በሰንጋ ተራ ባሉት ረጃጅም ሕንጻዎች መካከል ምልክቱ ከመስተዋትና ከግድግዳ ላይ ነጥሮ ስለሚመጣ ረዥም መንገድ ተጉዞ ይደርሳል፤ ሰዓቱም ሯጩን ከመንገዱ አውጥቶ በሕንጻው ውስጥ ያስኬደዋል። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ ቅጠሉና ግንዱ ምልክቱን ያደክሙታል።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ባለ ሁለት ሞገድ የሚባለው ሰዓት ነው። የቀድሞዎቹ ሰዓቶች የሚቀበሉት በ1575.42 ሜጋኸርዝ የሚላከውን ምልክት ብቻ ሲሆን፥ አዲሶቹ በ1176.45 ሜጋኸርዝ የሚላከውንም ጨምረው ይቀበላሉ። ሁለተኛው ምልክት ከግድግዳ የነጠረውን ከቀጥተኛው ለመለየት ይረዳል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ባትሪውን ፈጥኖ ይጨርሳል፥ በገላጣ መንገድ ላይ ለሚሮጥ ሰውም የሚጨምርለት ጥቂት ነው። ጃንሜዳ ለሚሮጥ ተማሪ ለዚህ ብቻ ብሎ ብዙ ገንዘብ መጨመር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

በመም ላይ ለሚለማመድ ሰው ግን ሳተላይቱ ራሱ ትርፍ ነገር ነው። የመሙ የመጀመሪያ መሥመር 400 ሜትር መሆኑ አስቀድሞ በሜትር ተለክቷል። ሁለተኛው መሥመር 407 ሜትር ያህል፥ ስምንተኛው 453 ሜትር ያህል ነው። ይህን የሚያውቅ ሯጭ በጣም ርካሽ በሆነ የሰከንድ መቁጠሪያ ከማንኛውም የሳተላይት ሰዓት የበለጠ ትክክለኛ ውጤት ያገኛል። አንድ በአንድ መቶ ስሕተት በ400 ሜትር ላይ 4 ሜትር ነው፤ ዙሩን በ72 ሰከንድ ለሚጨርስ ሰውም ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይሆናል። የኢንተርቫል ልምምድ የሚለካው ደግሞ በእንደዚህ ያለ ልዩነት ነው።

የውድድር ጎዳናም ብዙ ጊዜ ያለ አግባብ ይከሰሳል። «ሰዓቴ ማራቶኑን 42 ኪሎ ሜትር ከ600 አለኝ፤ አዘጋጆቹ መንገዱን አስረዝመውታል» የሚል ሯጭ ጥቂት አይደለም። እውነቱ እንዲህ ነው። የታወቀ ውድድር መንገድ የሚለካው በሳተላይት ሳይሆን፥ የጎማው ዙር አስቀድሞ በተለካ ርቀት ላይ በተፈተነ ብስክሌት ነው። ለካዩም ሯጭ ሊሮጠው የሚችለውን አጭሩን መሥመር ይከተላል፤ መንገዱ እንዳያጥርም በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመርበታል። በ2001 እንደ ተጀመረው ታላቁ ሩጫ በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ መካከል የሚሮጥ ሰው ይህን አጭር መሥመር መያዝ አይችልም። ስለዚህ ሰዓቱ ቢያስረዝም መንገዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ ሯጩ በእውነት ብዙ ተጉዟል፥ ሰዓቱም በበኩሉ ጥቂት ጨምሮበታል።

ሐ. ከፍታና የልብ ምት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከዚያ ተነሥቶ እንጦጦን የሚወጣ ሯጭ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ሮጥሁ?» የሚለው ሳይሆን «ምን ያህል ዳገት ወጣሁ?» የሚለው ነው። ሰባት ኪሎ ሜትር የእንጦጦ ዳገትና ሰባት ኪሎ ሜትር የቦሌ ጎዳና በሰዓቱ መዝገብ ላይ አንድ ቢሆኑም ለእግርና ለሳንባ አንድ አይደሉም።

ሳተላይት ደግሞ ከፍታን ለመለካት ደካማ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ሳተላይቶች ከሯጩ በምሥራቅም በምዕራብም፥ በሰሜንም በደቡብም ስለሚገኙ የጎን ስሕተት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ከሯጩ በታች ግን መሬት ስላለ ሁሉም ከላይ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ደኅና ሰዓት የአየር ግፊት የሚለካ ባሮሜትር ይጨመርለታል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚህ ከፍታ የአንድ ሄክቶፓስካል ለውጥ 11 ሜትር ያህል የከፍታ ለውጥ ያመለክታል። እርግጥ ነው፥ ባሮሜትርም ነቀፋ አያጣውም። የአየሩ ጠባይ ተለውጦ ግፊቱ በ2 ወይም በ3 ሄክቶፓስካል ቢለዋወጥ፥ ሰዓቱ ሯጩን ቆሞ ሳለ ከ20 እስከ 30 ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ቢሆንም በአንድ ሰዓት ልምምድ ውስጥ የወጣነውን ዳገት ለመደመር ከሳተላይቱ እጅግ የተሻለ ነው።

ስለ ልብ ምት ደግሞ የሚከተለውን ማወቅ ይጠቅማል። ከሰዓቱ ሥር የሚበራው አረንጓዴ ብርሃን በቆዳ ውስጥ የሚፈሰውን ደም ይመለከታል። በማለዳ ብርድ ደም ከቆዳ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ምልክቱ ይደክማል። ሰዓቱ ላላ ብሎ ከታሰረም የእርምጃውን ምት የልብ ምት አስመስሎ ሊቆጥር ይችላል፤ ሯጭ በደቂቃ 170 ወይም 180 እርምጃ ስለሚራመድ ቁጥሩ ለዐይን የሚታመን ይመስላል። የልብን ኤሌክትሪክ የሚለካው የደረት ቀበቶ ከዚህ ስሕተት ነጻ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ሰዓቱ በግምት ላይ ግምት ሲጨምር ነው። ብዙዎቹ ሰዓቶች የሯጩን ከፍተኛ የልብ ምት ከ220 ላይ ዕድሜውን በመቀነስ ያገኙታል፤ ይህ ስሌት ለአንድ ሰው በ10 ምት፥ ከዚያም በላይ ሊሳሳት ይችላል። ከዚህ ምትና ከፍጥነቱ ተነሥተውም የሰውነቱን ኦክስጂን የመጠቀም ችሎታ ይገምታሉ። ኦክስጂኑ በሳሳበት ከፍታ ፍጥነት በተፈጥሮ ይቀንሳል፤ ከፍታውን ከቁጥር የማያስገባ ሰዓት ግን ይህን እንደ ሯጩ ድካም ይቈጥረዋል። «ችሎታህ ቀንሷል» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ጀማሪ፥ በሚቀጥለው ቀን ማረፍ ሲገባው ቁጥሩን ለማስተካከል ይፈጥናል። ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። መሣሪያው በአሠልጣኝ ፈንታ ተገዝቶ፥ ሯጩን የማያውቅ አሠልጣኝ ይሆናል።

በመካከላችን የተለመደ አንድ ነገርም መታሰብ አለበት። አንድ ሰዓት ለሁለትና ለሦስት ባልንጀሮች በመዋዋስ ይሠራል። ርቀቱና ጊዜው በዚህ አይበላሽም። ዕድሜን፥ ክብደትንና የልብ ምትን መሠረት ያደረገው ግምት ሁሉ ግን የማንም ያልሆነ፥ የሦስት ሰዎች ድብልቅ ይሆናል። በመዋዋስ የሚሠራ ሰዓት የሚገዛ ማኅበር ለእነዚህ ግምቶች ብሎ ገንዘብ መጨመር የለበትም።

መ. አራት ሰዓቶች ሲነጻጸሩ

ቀጥሎ የምንጠቅሰው ዋጋ ሰዓቶቹ በአሜሪካ ለገበያ በወጡበት ጊዜ የተቆረጠላቸው ነው። የብር ምንዛሪ በ2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እያንዳንዱ ዶላር ለተማሪ ኪስ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጋርሚን ፎርራነር 55 በ2021 በ200 ዶላር ወጣ። ቀላል ነው፤ ኩባንያው እንደሚለው ሳተላይቱን እየተጠቀመ 20 ሰዓት ይሠራል። ባሮሜትር ግን የለውም። በሜዳ ለሚሮጥ ጀማሪ ይበቃል፤ ለእንጦጦ ሯጭ ግን የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ጎድሎታል።

ኮሮስ ፔስ 3 በ2023 በ229 ዶላር ወጣ። ባሮሜትር አለው፤ ሁለቱንም ሞገድ ይቀበላል፤ በጨርቅ ማሰሪያው 30 ግራም ያህል ይመዝናል። ኩባንያው የሚሰጠው የባትሪ ዕድሜ በተራው አሠራር 38 ሰዓት፥ በሁለት ሞገድ 15 ሰዓት ነው። መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ገጹ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ነገር ግን በፀሐይ ብርሃን በደንብ ይነበባል።

ጋርሚን ፎርራነር 165 በ2024 በ250 ዶላር ወጣ። ባሮሜትር አለው፤ ገጹ ደማቅና የሚያምር ነው፤ ሁለተኛውን ሞገድ ግን አይቀበልም። ከፔስ 3 ጋር ሲተያይ ገዢው የሚከፍለው ተጨማሪ ገንዘብ ለልኬት ሳይሆን ለዐይን ነው።

ጋርሚን ፎርራነር 265 በ2023 በ450 ዶላር ወጣ። ባሮሜትሩም፥ ሁለቱ ሞገድም፥ ደማቁ ገጽም በአንድነት አሉት። በልኬት ብቻ ከተመዘነ ግን ከፔስ 3 የሚበልጥበት ነገር ዋጋውን እጥፍ ያህል ለማድረግ አይበቃም። የዋጋው ልዩነት የሚያርፈው በገጹና ልምምድን በሚመክሩት ግምቶች ላይ ነው፤ ግምቶቹን ደግሞ ከላይ ነቅፈናቸዋል።

በእኔ አስተያየት፥ ከአራቱ ለአዲስ አበባ ተማሪ የሚስማማው ፔስ 3 ነው። ነገር ግን ይህ ፍርድ የሚጸናው ዳገት ለሚወጣና ረዥም መንገድ ለሚሮጥ ሰው ብቻ ነው። በመም ላይ ለሚሮጥ አጭር ርቀት ሯጭ የማንኛውም ተራ ሰዓት ሰከንድ መቁጠሪያ ይበቃዋል። ውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ ያገለገለ ሰዓት ለሚላክለትም ሦስት ነገር ማየት ይጠቅመዋል፤ ባትሪው ዕድሜው አልፎ አቅሙ አልቀነሰም ወይ? ቁልፎቹ ሁሉ ይሠራሉ ወይ? የቀድሞው ባለቤት ስሙን ከሰዓቱ መዝገብ አስወጥቷል ወይ?

መዝገቡ የሚቀመጥበትም ቦታ ከምርጫው ውስጥ መግባት አለበት። በጁላይ 2020 የጋርሚን የመረጃ ማዕከል በወንጀለኞች ጥቃት ለቀናት በተቋረጠ ጊዜ ሯጮች መዝገባቸውን እንደ ልማዳቸው ማስገባትና ማየት አልቻሉም። በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ስትራቫ የተባለው ድርጅት ባወጣው የሯጮች ካርታ ላይ የጦር ሰፈሮች ቅርጽ ታይቶ ብዙ አነጋገረ። የወታደር ሰፈር ከተገለጠ፥ በየማለዳው ከአንድ በር ተነሥታ ወደዚያው በር የምትመለስ ተማሪ መኖሪያም ይገለጣል። ስለዚህ መነሻውን ቦታ የሚሰውረውን መቆጣጠሪያ ማብራት፥ መዝገቡንም በየጊዜው ገልብጦ ማስቀመጥ ይገባል።

ሠ. ሰዓትን ስለ መፈተን

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሰዓቱን መፈተን ይሻላል። መክፈል ግዴታ ቢሆን እንኳ በመመለሻው ቀን ውስጥ መፈተን ይቻላል። ፈተናው ሦስት ብቻ ነው።

1ኛ. የመሙን የመጀመሪያ መሥመር ይዞ 10 ዙር መሮጥ ነው፤ እውነተኛው ርቀት 4,000 ሜትር ነው። ሰዓቱ 4,060 ቢል ስሕተቱ ከ100 አንድ ተኩል ነው። አንድ ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ለሚሮጥ ሰው ይህ በየኪሎ ሜትሩ የ4 ሰከንድ ተኩል ሐሰት ነው። ሰዓቱ ለመም የተለየ አሠራር ካለው ያንን አጥፍቶ መፈተን ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የሚፈተነው ሳተላይቱ ሳይሆን በውስጡ የተጻፈው 400 ይሆናል።

2ኛ. አንድን ዳገት በሦስት የተለያዩ ቀናት መውጣት ነው። የሦስቱ ቀን ከፍታ ተቀራራቢ ከሆነ፥ ቁጥሩ ፍጹም ትክክል ባይሆን እንኳ ልምምድን ከልምምድ ለማነጻጸር ይታመናል። ለሯጭ ከፍጹምነት ይልቅ አንድ ዐይነት ሆኖ መገኘት ይጠቅመዋል።

3ኛ. ከሩጫው በኋላ ወዲያውኑ ጣትን በአንገት ሥር አድርጎ የልብን ምት ለ15 ሰከንድ መቁጠርና በ4 ማባዛት ነው። ቁጥሩን በዚያው ቅጽበት ሰዓቱ ከሚያሳየው ጋር ማስተያየት ይገባል።

እነዚህ ፈተናዎች የተለየ መሣሪያም የተለየ ገንዘብም አይጠይቁም። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ማኅበራት ተማሪዎች በእጃቸው ያሉትን ሰዓቶች ሰብስበው በአንድ መም ላይ በአንድ ማለዳ ቢፈትኑና ውጤቱን በዚህ መጽሔት ቢያወጡ፥ ከኩባንያዎቹ ማስታወቂያ የበለጠ የሚታመን ሠንጠረዥ ይኖረናል። ይህ ለምርምር ተማሪ የማይከብድ፥ ለሚቀጥለው ገዢም ብዙ ብር የሚያተርፍ ሥራ ነው።

እንግዲህ የሩጫ ሰዓትን መናቅም ማምለክም ተገቢ አይደለም። አሠልጣኝ ለሌለው ሰው የዛሬውን ልምምድ ካለፈው ወር ልምምድ ጋር የሚያስተያይበት መዝገብ ይሰጠዋል፤ ይህም ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ሰዓቱ የሚያውቀው ነጥቦችን፥ ግፊትንና ብርሃንን ብቻ ነው። ትናንት እንቅልፍ ያጣውን፥ ፈተና ያለበትን፥ ቁርሱን ሳይበላ የወጣውን ሯጭ አያውቀውም። ያን የሚያውቀው ራሱ ሯጩ ስለ ሆነ፥ በሰዓቱ ቁጥርና በሰውነቱ ስሜት መካከል ክርክር በተነሣ ጊዜ ፍርዱን ለሰዓቱ አሳልፎ መስጠት የለበትም።